«እርጅና ነው» ብለን የምንዘጋው በሽታ

የመንዝ አዛውንት ሲከፋቸው «ከፋኝ» ማለት ይከብዳቸዋል። «ወገቤን» ይላሉ። «ጨጓራዬን»፣ «ራሴን ያዞረኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላሉ። እንባ እስካልታየ ድረስ ድብርትን የሚጠረጥር የለም። ልጆች የጨጓራ መድኃኒት ይገዛሉ። አልሻል ሲል «እንግዲህ እርጅና ነው» ይባልና ነገሩ ይዘጋል።

እኔ ይህን ፍርድ አልቀበልም። እርጅና ጉልበት ይቀንሳል፣ እንቅልፍም ያሳጥራል። ሰውን ከሚወደው ነገር ሁሉ ግን አያጣላም። ዕድሜ ልካቸውን ሱፍ ሲፈትሉ የኖሩ እናት እንዝርቱን ትተው ግድግዳ እያዩ ከዋሉ፣ ከሰንበቴ ቀርተው የማያውቁ አባት «ሄጄስ ምን ልፈይድ» ካሉ፣ ሁለት ጉርሻ ቀምሰው እጃቸውን ከታጠቡ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነቅተው ከቀሩ ጉዳዩ የዕድሜ ብቻ ላይሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር ሁለት ሳምንት ሙሉ ካልለቀቃቸው ሐኪም ይያቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ አያዝኑም፤ ይነጫነጫሉ። ሌሎቹ ይረሳሉ። «ጃጁ» ተብለው ከተተዉት መካከል ድብርቱ ሲታከም ልባቸው የሚመለስላቸው አሉ።

ምክንያቱ ብዙ ነው። የትዳር ጓደኛ ይሞታል፣ ልጅ አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ይቀራል። ጆሮው የደከመ ሰው ከቡናው ጨዋታ ቀስ በቀስ ይወጣል። ስትሮክ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ችግርና የደም ማነስም ድብርት ሊያመጡ ወይም ሊመስሉ ስለሚችሉ ምርመራ ያስፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ቤታቸውን ያጡትን አዛውንቶችም አስቡ። ወጣቱ እንደ ምንም ብሎ ይሠራል። በሰባ ዓመት ቤትን እንደገና መጀመር ግን ምን ማለት ነው?

ብዙ የማናስተውለው ሌላ ምክንያት አለ፤ እሱም እኛ ለእነሱ የምንሰጠው ክብር ነው። «እርስዎ ይረፉ» እንላለን። ከበጉ እናስለቅቃቸዋለን፣ ከጓዳው እናስወጣቸዋለን፣ በእርሻው ጉዳይ አንጠይቃቸውም። አንዳንዴ ከነጭራሹ ከተማ አምጥተን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከቴሌቪዥን ጋር እንቆልፍባቸዋለን። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ትናንት አገር ሲያስታርቅ የነበረ ሰው ዛሬ ሥራው መብላትና መተኛት ብቻ ሲሆን ይደብረዋል፤ ማንንስ አይደብረው? ምስር ይልቀሙ፣ ጥጥ ይፍተሉ፣ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ያድርሱ፣ ምክር ይጠየቁ። ጠዋት ፀሐይ ላይ ወጣ ብለው ከጎረቤት ጋር ይራመዱ። ቀላል ድብርት ላይ ይህ ብቻውን ብዙ ይሠራል።

ከበድ ላለው ግን ሕክምና ያስፈልጋል። የምክር አገልግሎትም መድኃኒትም አለ። መድኃኒቱ በሁለት ቀን አይሠራም፤ ሳምንታት ይፈጃል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ገና መሥራት ሳይጀምር ነው። አሚትሪፕቲሊን የተባለው የቆየ መድኃኒት ደግሞ አዛውንቶችን ሊያዞርና ሊጥል ስለሚችል፣ የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ። «ለእንቅልፍ» እየተባለ የሚወሰደው መለኪያ አረቄ ይቅር። የደብረ ብርሃን ብርድ ሰበብ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ቢሆንም አረቄ እንቅልፉን ይሰባብረዋል፣ ድብርቱንም ያባብሰዋል።

ጠበል መሄድስ? ሸንኮራ ዮሐንስም ጻድቃኔ ማርያምም እዚሁ ሰሜን ሸዋ ናቸው፤ ሂዱ። መድኃኒቱን ግን ይዛችሁ ሂዱ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚወሰዱ ለምእመናን ተናግረው ነበር። ለዚህ ሕመምም የተለየ ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን ለነገ አይባልም። «ሞት ረሳኝ» የብዙ አረጋዊ የዘወትር ቃል ነው። ያንን የሚሉት ምግብ ትተው፣ መድኃኒታቸውን አቁመው፣ በድንገት ንብረት እያከፋፈሉ ከሆነ ግን ብቻቸውን አትተዉአቸው። ገመዱንና የተባይ መድኃኒቱን ከቤት አርቁ። በግልጽ «ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባቸውም። በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ።

ለጤና ባለሙያዎቻችንም ጥያቄ አለኝ። ብዙ አዛውንት ለደም ግፊትና ለስኳር ክትትል ጤና ጣቢያ ይመላለሳሉ። ግፊታቸው ይለካል፣ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፣ ይሄዳሉ። እግረ መንገድ ሁለት ነገር ቢጠየቁስ? «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስ ይልዎት የነበረው ነገር አስጠልቶዎታል? ከፍቶዎት ወይም ተስፋ ቆርጠው ነበር?» እነዚህ ጥያቄዎች በሌላው ዓለም የታወቁ የመጀመሪያ ማጣሪያዎች ናቸው፤ መሣሪያ አይፈልጉም። መልሱ «አዎ» ከሆነ በደንብ ይመረመራሉ፣ ካስፈለገም ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ይላካሉ። ሲጠየቁ ግን ልጃቸው አጠገብ ባይቆም ይሻላል። ልጅ ፊት ሁሉም «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ነው የሚለው።