ትራክተር እንደ በሬ አይለግምም

የአርሲና የባሌ ስንዴ አምራቾች፣ የትራክተር ባለቤቶችና ሹፌሮች፣ ወገኖቼ! እ.ኤ.አ. በ1967 ካዱ የተባለው የግብርና ልማት ፕሮጀክት አርሲ ውስጥ ጭላሎ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ትራክተር ለአካባቢያችሁ እንግዳ አይደለም። ከ50 ዓመት በላይ አብሯችሁ በኖረ መሣሪያ ላይ ሰንሰለት የት እንደሚታሰር አለማወቅ ነውር ነው።

በሬ ሲከብደው ይለግማል፤ ብትገርፉትም ይተኛል። ትራክተር ግን አልችልም የሚለው ፊቱን ወደ ሰማይ አንሥቶ ነው። ጉቶ ለመንቀል ሰንሰለቱን ከኋላ አክስሉ ወይም ከማረሻ ማንሻው የላይኛው ክንድ ላይ አስራችሁ ነዳጅ ስትሰጡት፣ ጎማው መሽከርከር ያቅተዋል፤ ጉልበቱ መሄጃ ሲያጣ የፊት እግሩን ያነሣል። ተገልብጦ ሹፌሩ ላይ ለመውደቅ 2 ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። «ፍሪሲዮን እረግጣለሁ» ባዩ ጀግና እግሩን ሳያነሣ ነገሩ ያልቃል። ከታች ካለው ከራሱ መጎተቻ ብረት በቀር የትም አትሰሩ! ደግሞስ ትራክተሩ መረሬ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ግንድ ከኋላ ጎማው ጋር ማሰር የማን ምክር ነው? ግንዱ ጎማውን ቀፍድዶ ሲይዘው የሚዞረው ትራክተሩ ራሱ ነው። ጭቃውን ቆፍሩ፣ ወደ ኋላ ሞክሩ፣ ካልሆነም በሌላ ትራክተር አስጎትቱ። ካቦው ሲወጠር ከአጠገቡ የተሰበሰበውን ተመልካች አባርሩ፤ የተበጠሰ ካቦ ሰው ይገድላል።

100 ኩንታል ስንዴ 10 ቶን ነው። ብዙዎቹ ትራክተሮቻችሁ ግን ከ3 እስከ 4 ቶን ቢመዝኑ ነው። ፍሬን የሌለው ተጎታች ቀጥላችሁ ዳገቱን ስለወጣችሁ አትኩራሩ፤ ቁልቁለቱ ላይ ጎታቹ ጭነቱ ነው። ከመውረዳችሁ በፊት ከባድ ማርሽ አስገቡ። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መንደርደር በገዛ እጅ መቃብር መቆፈር ነው። ሁለቱን የፍሬን ፔዳሎችም በመቆለፊያቸው አገናኙ፤ ለእርሻ መታጠፊያ ተብለው የተለያዩት ፔዳሎች አስፋልት ላይ አንዱ ብቻ ከተረገጠ ትራክተሩን ወደ ጎን ይወስዱታል። የተጎታቹ ፒን መቆለፊያ ሲጠፋ ሚስማር አጥፋችሁ የምትሰኩትን ሰዎች ግን ምን ብዬ ልውቀሳችሁ?

ከገበያ መልስ በጆንያው ላይ ስለምትጭኗቸው እናቶችና ሕፃናትም አውቃለሁ። «መንገድ ላይ ቆመው ሲለምኑኝ እንዴት እምቢ ልበል?» ትላላችሁ። እምቢ በሉ። ቢቀየሟችሁም በሚቀጥለው ገበያ ታገኟቸዋላችሁ።