የከተማው ማብሪያ በማን እጅ ይሁን?

የክርክሩ ጥያቄ፦ መብራትን፣ ውሃንና ትራፊክን የሚከታተል ሰው ሠራሽ አስተውሎት አደጋ ሲያይ ራሱ እርምጃ ይውሰድ ወይስ ሰውን አንቅቶ ይተው?

ተቃዋሚ፦ አይውሰድ! ከዩክሬን ልጀምር። ዕለቱ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2015 ነው። የአንድ ኤሌክትሪክ አከፋፋይ ተረኛ ሠራተኛ ማውዙን ሳይነካ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ብቻዋን መንቀሳቀስ ጀመረች። ማቋረጫው ላይ ሄዳ ጠቅ አደረገች። አንድ ጣቢያ ጠፋ። ሰውየው ማውዙን ቢጎትት እምቢ አለው። ከሲስተሙ አስወጣው። ተመልሶ ሊገባ ሲል የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል። ሦስት ኩባንያዎች ተመተው 225,000 ያህል ደንበኞች በዚያ ብርድ መብራት አጡ። መብራቱን ማን መለሰው? ሠራተኞች በመኪና ጣቢያ ለጣቢያ እየዞሩ በእጃቸው አበሩት። በ6 ሰዓት ውስጥ ተመለሰ። በእጅ የሚሠራ ማብሪያና እሱን የሚያውቅ ሰው ስለነበራቸው ነው።

ደጋፊ፦ እህቴ፣ ታሪኩ እውነት ነው፤ ግን የነገሩን ግማሹን ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ኮምፒውተሩን ከሩቅ የያዙት ሰርጎ ገቦች እንዴት ገቡ? ሠራተኞች በኢሜይል የመጣላቸውን ፋይል ከፍተው ነው። ከዚያ ወራት ሙሉ ኔትወርኩ ውስጥ ሆነው ሲያጠኑ ማንም ልብ አላላቸውም። በሩን የከፈተውም፣ ያልጠበቀውም ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 አሜሪካ ውስጥ ኮሎኒያል የተባለው የነዳጅ ቧንቧ ለቀናት የቆመውም ሰርጎ ገቦች በአንድ ሾልኮ የወጣ የይለፍ ቃል ስለገቡ ነው። ሁለተኛ ማረጋገጫ እንኳ አልነበረውም። ኩባንያው ለሰርጎ ገቦቹ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ቤዛ ከፈለ። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን የማይከድን ጠባቂ ያስፈልገናል።

ተቃዋሚ፦ ይጠብቅ፣ ይጩህ፣ ያንቃን። አይዘዝ ነው የምልዎት። እ.ኤ.አ. በ2020 ማካፊ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ ተመራማሪዎች የፍጥነት ምልክት ላይ ትንሽ ጥቁር ቴፕ ለጠፉ። 35 የሚለው ቁጥር ላይ የ«3»ን መሃል መስመር ትንሽ አስረዘሙት፤ በቃ። የቴስላ መኪና ካሜራ 85 ብሎ አነበበውና መኪናው ፍጥነት መጨመር ጀመረ። ማንም የይለፍ ቃል አልሰረቀም። ሕፃን ልጅ ቢያየው 35 ነው! ይህን ዓይን የውሃ ግድብ በር ላይ አስቀምጠው ቤትዎ ገብተው ይተኛሉ?

ደጋፊ፦ አንድ ካሜራ ብቻውን አይወስን፣ ልክ ነዎት። ግን ፍጥነቱን ያስቡት። ትልቅ የኃይል ማመንጫ ድንገት ከመስመር ሲወጣ መስመሩ በሰከንዶች ነው የሚዋዥቀው። ተረኛው ስልክ እስኪያነሳ አገር ይጨልማል። ጉዳዩ ደግሞ የሩቅ አይደለም። ሰኔ 2012 ዓ.ም.፣ የህዳሴው ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ዋዜማ ላይ፣ የአገራችን የሳይበር ደህንነት ተቋም ኢንሳ ከግብፅ የተነሳ የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን አስታውቆ ነበር። ዛሬ ያ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ተቃዋሚ፦ ለሰከንዱማ ድሮም ሪሌይ አለ፤ ገደብ ሲታለፍ መስመሩን ራሱ የሚያስቆርጥ መሣሪያ ነው። ገደቡ በቁጥር ተቀምጧል። ባለሙያ ይፈትሸዋል፣ ለምን እንደቆረጠም ያውቃል። በመረጃ የሰለጠነ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ግን ለምን እንደወሰነ ለፈጠሩት ሰዎች እንኳ ብዙ ጊዜ ግልጽ አይደለም። የሚያስፈራኝ ሌላም ነገር አለ። ማብሪያውን በእጁ የሚያውቀው አንጋፋ ባለሙያ ጡረታ ሲወጣ ማን ይተካዋል? በወር አንድ ቀን ስክሪኑ ጠፍቶ ይሠራ።

ደጋፊ፦ ልምምዱን እቀበላለሁ። ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንድ ተረኛ ብቻ ነው ያለው እንበል። መቶ ማስጠንቀቂያ ባንዴ ቢጮህበት የትኛውን ያምናል? ቢያንስ የተጠቃውን ኮምፒውተር ከኔትወርኩ የመነጠል ሥልጣን ለማሽኑ ይሰጠው።

ተቃዋሚ፦ ኮምፒውተሩን ይነጥል፣ እሺ። የሆስፒታልን የመብራት መስመር ግን አይነካም።