ውዳሴ ዘፖስተር

የአሜሪካ ታላላቅ ኦርኬስትራዎች በትዕግሥት የሚስተካከላቸው የለም፤ ይህን ሳልመሰክር ብሞት አፈሩ አይቀለኝም። የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ እ.ኤ.አ. በ1842 ተቋቁሞ የመጀመሪያውን ጥቁር ቋሚ ተጫዋች፣ ቫዮሊኒስቱን ሳንፎርድ አለንን፣ የተቀበለው በ1962 ነው። ልብ በሉ፣ መቶ ሃያ ዓመት! ከዚያም ሌላ 52 ዓመት አስቦበት በ2014 ክላሪኔት ተጫዋቹን አንተኒ ማክጊልን ቀጠረና ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጥቁር ሙዚቀኛ የመሣሪያ ክፍል አለቃ ሆነ። እኛ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልን በአፋችን ኖርን እንጂ፣ እንቁላሉን ታቅፈው የተቀመጡትስ እነርሱ ናቸው።

የእንቁላሉንም ጉዞ በቁጥር ይዘውታል። የኦርኬስትራዎቹ ማኅበር ባወጣው አኃዝ መሠረት በ2014 ከተጫዋቾቹ 1.8 በመቶ የነበሩት ጥቁሮች በ2023 2.4 በመቶ ደርሰዋል። በዘጠኝ ዓመት ዜሮ ነጥብ ስድስት! ጥቁሮች ከአገሪቱ ሕዝብ 13 በመቶ ገደማ ናቸውና፣ ግስጋሴው በዚሁ ከቀጠለ መድረኩና ሕዝቡ የሚመጣጠኑት በ2182 አካባቢ ነው። ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ።

ከሁሉ አብልጬ የምወድላቸው ግን ለወጣቶች ሥልጠና ያላቸውን ፍቅር ነው። «ጥቁር ተጫዋች ለምን ጠፋ?» ሲባሉ «ነገሩ ከሥሩ ነው፤ ከልጅነት መጀመር አለበት» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ይጀምራሉም፤ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይጀምሩና ለምሳ ይጨርሳሉ። መሣሪያዎቹ በአዳራሹ ይደረደራሉ፣ ልጆቹ በአውቶቡስ ይመጣሉ። የዝግጅቱን ስም፣ «ፔቲንግ ዙ» የሚሉትን፣ ሕፃናት ፍየልና ጥንቸል ከሚዳብሱበት ሥፍራ ተውሰውታል፤ እኔ አላወጣሁትም። ልጁ ቫዮሊኑን ይዳብሳል፣ ፎቶ አንሺው ልጁን ያነሳል፣ ቫዮሊኑ ወደ ሳጥኑ፣ ልጁም ወደ አውቶቡሱ ይመለሳሉ። የሚቀረው ፎቶግራፉ ነው። እርሱ ለፖስተር፣ ለዓመታዊ ሪፖርት፣ ለለጋሾች የእራት ግብዣ መጥሪያ ሲያገለግል ይኖራል።

የእኛ የድጓ መምህራን ይህን ዘዴ ባለማወቃቸው ስንቱን አደከሙት! ተማሪውን አኩፋዳ አስይዘው ቁራሽ እያስለመኑ፣ ውሻ እያስነከሱ፣ ዓመታት ሙሉ ሌሊት ለሌሊት ከሚያስጮኹት፣ አንድ ቅዳሜ ጽናጽል አስነክተው ፎቶ ቢያነሱት ኖሮ አገሩን መሪጌታ በሞላው ነበር።

ከቅዳሜዋ በኋላ ያለውስ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የአሥር ምናምን ዓመት ሳምንታዊ የግል ትምህርት፣ ልጁ ባደገ ቁጥር የሚቀየር ቫዮሊን፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚከፈልበት ሥልጠና፣ በመጨረሻም ለአንድ ወንበር መቶ ሰው የሚሰለፍበት ፈተና፤ ይኸው ነው። የአውሮፕላን ትኬቱን ተፈታኙ ከኪሱ ይገዛል። ቼሎ የተባለውን ግዙፍ የቫዮሊን ወንድም የሚጫወት ከሆነ ደግሞ ሁለት ይገዛል፤ ቼሎን ያህል ነገር ለጭነት ክፍል አይሰጥምና አጠገቡ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ፣ ማለትም ቼሎው፣ ወንበር ሳያገኝ አይመለስም።

ፈታኞቹም አድልዎ እንዳይኖር ተጫዋቹን ከመጋረጃ ጀርባ ያዳምጡታል። የተረከዝ ኮቴ ሴት መሆኗን እንዳያሳብቅባት ምንጣፍ ያነጥፋሉ። መቼም ይህን ያህል ጥንቃቄ ያስመሰግናል። መጋረጃው ቆዳን ይሸፍናል፤ የማን አባት የአሥር ዓመት የትምህርት ክፍያ እንደከፈለ ግን በእያንዳንዱ ኖታ ጥርት አድርጎ ያሰማል።

ይህን ያማረ ሥርዓት የሚያውኩ ችኩሎች አልጠፉም። ቦስተን ላይ ፕሮጀክት ስቴፕ የሚባል የሙዚቃ ሥልጠና አለ፤ ከ1982 ጀምሮ ሕፃናትን ከመዋዕለ ሕፃናት ዕድሜያቸው ይዞ 12ኛ ክፍል እስኪጨርሱ አይለቅም። ሚሺጋን ላይ ደግሞ አሮን ድዎርኪን የተባለ ቫዮሊኒስት በ1997 ያቋቋመው ስፊንክስ የተባለ ድርጅት የጥቁርና የላቲኖ (የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው) ወጣቶችን ያወዳድራል፣ ያሠለጥናል። ድርጅቱ ይህ አልበቃ ብሎት በ2018 ከሌሎች ጋር ተባብሮ የተፈታኞችን የጉዞ ወጪ መደገፍ ጀመረ! ቅዳሜን አልፎ ሰኞንም ማክሰኞንም ማስተማር ምን የሚሉት ጥድፊያ ነው? እንዲህ ከተለመደ እኮ ልጁ አድጎ፣ አሳምሮ ተጫውቶ፣ ወንበር ይጠይቃል፤ ከወንበሩም ጋር ደመወዝ፣ ከደመወዙም ጋር ጡረታ። የፖስተሩ ልጅ ግን ይህን ሁሉ ዘመን አፉን ከፍቶ አያውቅም፣ ለፈገግታ ካልሆነ በቀር።

ችግሩ፣ የዘንድሮው ልጅ ጢም ማብቀል ጀምሯል አሉ። ምትክ እየተፈለገ ነው፦ ዕድሜው ከስምንት ያልበለጠ፣ ጥርሱ ያማረ፣ ቅዳሜ ጠዋት የሚመቸው። መጫወት መቻል አይጠበቅበትም።