ዕጣውን የሚሸጥ ቡድን ደጋፊ መሆን

ዛሬስ ሳልናገር አላድርም። ቶሮንቶ ከመጣሁ ጀምሮ ብርዱንም የቤት ኪራዩንም ችዬ ኖሬአለሁ። ያቃተኝ የከተማው የበረዶ ሆኪ ቡድን የሜፕል ሊፍስ ነገር ነው። እግር ኳስ ብቻ የምትከታተሉ ወዳጆቼ «ብለህ ብለህ በበረዶ ላይ ለሚንሸራተቱ ሰዎች መናደድ ጀመርክ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እዚህ አገር ልጅ ስታሳድጉ ታዩታላችሁ። የበረዶ ሆኪ ውስጥ ያስገባኝ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ነው፤ አሁን የሚያጽናናኝም እሱ ሆኗል።

ለማያውቅ ላስረዳ። በየዓመቱ ጁን መጨረሻ ላይ ድራፍት የሚባል ነገር አለ (ቢራው አይደለም፤ ምነው ቢራው በሆነ)። የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ) 32 ቡድኖች በሰባት ዙር 224 ወጣቶችን ተራ በተራ ይመርጣሉ። አብዛኞቹ ገና 18 ዓመት የሞላቸው ልጆች ናቸው። ዓመቱን በደካማ ውጤት የጨረሰ ቡድን ቀድሞ ይመርጣል፤ የፊተኞቹ ተራዎች ደግሞ በዕጣ ይለያሉ። የወደቀው እንዲነሳ የታሰበ ደግ ሐሳብ ነው። ጣጣው ተራው ራሱ ይሸጣል። እቁብ የገባ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ የቸገረው ሰው ዕጣውን በቅናሽ ይሸጣል፣ የገዛው ቀኑን ጠብቆ ሙሉውን ይበላል። የእኛ ቡድን ያ የዘወትር ችግረኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 ወዲህ የሊጉን ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ አንስቶ ስለማያውቅ «ዘንድሮ ነው!» እያለ የከርሞውን ይሸጣል።

ገዢውን ደግሞ ተመልከቱልኝ። ቦስተን! የእኛ ሰዎች በ2005 ቱካ ራስክ የሚባል ፊንላንዳዊ ግብ ጠባቂ በ21ኛ ተራ መረጡ። በ2006፣ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያጫውቱት፣ አንድሩ ሬይክሮፍት በሚባል ሌላ ግብ ጠባቂ ለቦስተን ለወጡት። ሬይክሮፍት ሁለት ዓመት ቆይቶ ተሰናበተ። ራስክ በ2014 የሊጉ ምርጥ ግብ ጠባቂ ተባለ። ይሁን፣ ይህንንስ እንቻለው። በ2013፣ በ2018 እና በ2019 ቦስተን ከጥሎ ማለፉ በመጨረሻው፣ በሰባተኛው ጨዋታ ሲያሰናብተን ግቡ ላይ ማን ቆሞ ነበር? የራሳችን ምርጫ!

ተምረዋል ብላችሁ ነው? በ2009 ፊል ኬስል የሚባል አጥቂ ለማምጣት ሁለት የመጀመሪያ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ተራ ሰጡ። ለማን? ለቦስተን። ኬስል ጎል አያገባም አልልም፣ በደንብ ያገባ ነበር። ቦስተን ግን በመጀመሪያ ዙር ተራዎቹ ታይለር ሴጊንንና ዱጊ ሃሚልተንን ወሰደ። ሴጊን በ2011 ዋንጫውን ሲያነሳ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር። በ1989 ለተከላካዩ ቶም ከርቨርስ ተብሎ ለኒው ጀርዚ የተሰጠው ተራ ታላቁ ተከላካይ ስኮት ኒደርማየር ሆኖ እንደወጣ አልነግራችሁም፤ ደም ግፊቴ ይነሳል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ያልተፈተነ ልጅ ተስፋ እንጂ ተጫዋች አይደለም» ይለኛል። ልክ ነው፣ ከተመረጡት ብዙዎቹ ሊጉን ሳይረግጡ ይቀራሉ። ግን በ2016 ተራቸውን ይዘው በመቆየታቸው አይደል ጎል አዳኙን ኦስተን ማቲውስን ያገኙት?

ልጄ የቡድኑን ወጣቶች ስም የሚመዘግብበት ደብተር አለው። በእስክሪብቶ መጻፍ ከተወ ቆይቷል። በማርች 2025፣ ዝውውሩ በሚዘጋበት ዓርብ ከሰዓት፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ደብተሩን ይዞ መጣ። ብራንደን ካርሎ ለሚባል ተከላካይ ሲሉ የ20 ዓመቱን ፍሬዘር ሚንተንን ከ2026 የመጀመሪያ ዙር ተራ ጋር ሰጥተዋል። ለማን እንደሆነ ገምቱ። በዚያው ቀን ስኮት ሎተንን ከፊላደልፊያ ለማምጣት ኒኪታ ግሬበንኪንንና የ2027ን የመጀመሪያ ዙር ተራ ሸኙ። «አባዬ፣ ሁለቱንም ላጥፋቸው?» አለኝ። ገጹ ከማጥፋት ብዛት ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል። እርሳሱ ገና ግማሽ ነው፣ ማጥፊያው ግን አልቋል። ዓይኔ ያነባው በሽንኩርቱ ነው ብያለሁ።

በሜይ ወር በገዛ ሜዳቸው፣ በሰባተኛው ጨዋታ፣ በፍሎሪዳ 6 ለ 1 ተሸኙ። ጁን ላይ ድራፍቱ ሲደርስ ደግሞ የዚያን ዓመቱ የመጀመሪያ ዙር ተራም ቀድሞ በሌላ ዝውውር ለቺካጎ ተሰጥቶ ነበር። ልጄ ይህን እያወቀ እርሳሱን ቀርጾ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ። ሠላሳ ሁለት ልጆች ተጠርተው አለቁ፤ የእኛ ሰዎች አንድም አልመረጡም። ደብተሩን ዘጋና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ሁለተኛው ዙር ነገ ነው፣ አባዬ» ብሎኝ ሊተኛ ሄደ።