እርማት፦ ለዝላዩ ፎቶ ሴፕቴምበር አይሆንም
«ብሩክስ ፏፏቴ ላይ ድብ የሚዘለውን ሳልመን ዓሣ በአፉ ሲቀልብ ለማንሳት ሴፕቴምበር ይሻላል፤ ድቦቹ የሚወፍሩት ያኔ ነው» ተብሏል። መወፈራቸው ልክ ነው፤ ወሩ ግን ስህተት ነው። አላስካ በሚገኘው ካትማይ ብሔራዊ ፓርክ፣ ሳልመኑ 2 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ፏፏቴ በብዛት የሚዘለው ጁላይ ላይ ነው። ሴፕቴምበር ሲደርስ ዓሣው እንቁላሉን ጥሎ እየሞተ ስለሆነ፣ ድቦቹ ወደ ታችኛው ወንዝ ወርደው የደከመውንና የሞተውን ይለቅማሉ። ይህም የራሱ የሚያምር ፎቶ አለው፤ ዝላይ ግን አይጠብቁ።

ጁላይ ለሚሄድ፦ 1/500 ሰከንድ ሹተር (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) አይበቃም፣ የዓሣው ጅራት ይደበዝዛል። 1/2000 ያድርጉት፤ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ቢጨምር ይጨምር። አውቶ ፎከስ ድቡን ትቶ የሚረጨውን ነጭ አረፋ እየያዘ ያስቸግራል። ስለዚህ ፏፏቴው አናት ላይ በቆመው ድብ አፍንጫ ላይ ፎከስ አድርገው ይቆልፉ፤ ድቡ ቦታ በቀየረ ቁጥር ይድገሙት። አንገቱን ሲሰግግ ወዲያው ይጫኑ፣ አፉን እስኪከፍት ከጠበቁ አልፏል። ጥቁር ቡናማው ፀጉር ፍሬሙን ሲሞላ ካሜራው ብርሃን ይጨምርና አረፋው ባዶ ወረቀት ይመስላል፤ በካሜራው የብርሃን ማስተካከያ ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይቀንሱ።