ማነው ይሄን የሠራው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሻወር ሚክሰር (ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለውን ቧንቧ) እንዲቀይር የተጠራ ባለሙያ ዕቃውን ሳያስቀምጥ ግድግዳውን ትክ ብሎ ያይና ራሱን እየነቀነቀ «ማነው ይሄን የሠራው?» ይላል። መልስ አይጠብቅም፤ ሰላምታ ነው። የፊተኛውም ሲመጣ ከሱ የቀደመውን እንዲሁ ጠይቆ ነበር። ባለቤቱም፣ ሠሪው የገዛ አማቹ ቢሆን እንኳ፣ «እንጃ፣ ከነቤቱ ነው ያገኘነው» ብሎ ያልፋል።

ቀጥሎ ውሃ መዝጋት አለ። ቤተሰቡ ዋናውን መዝጊያ የሚያውቀው በእምነት ነው፤ መኖሩን አይጠራጠርም፣ ያየው ግን የለም። አባት «ቆጣሪው ጋ ነው» ይላሉ፣ እናት «ሮቶው ሥር»፣ ጎረቤት ደግሞ «ኮብልስቶን ሲነጠፍ ተቀብሯል»። ሮቶ ባለበት ቤት የቆጣሪውን ብቻ ዘግቶ ሚክሰር መፍታት በታህሳስ ውርጭ ከነልብስ መታጠብ ነው። የሮቶው መውጫና ወደ ቦይለሩ የሚገባው መስመር ይዘጋል፣ የቦይለሩ ብሬከር ይጠፋል፣ ከሁሉ ዝቅ ያለው ቧንቧ ተከፍቶ የቀረው ይፈሳል። የወለሉ ፍሳሽ ቀዳዳም በጨርቅ ይደፈን፤ ትንሿ ብሎን ስትወድቅ የምትሄደው እዚያው ነው።

ሚክሰሩ በሁለት ዳዶ ይፈታል። ጉዱ ያለው ከኋላው ግድግዳ ውስጥ በገቡት ሁለት ጠማማ ማያያዣዎች ላይ ነው። አሮጌ የብረት ቧንቧ ከሆነ ዝገቱ አጣብቋቸዋል፤ ዘይት ጠብ አድርጎ መጠበቅ ያስፈልጋል። ታዲያ በሩ ላይ የቆሙት ሦስት አማካሪዎች «ጠንከር በል እንጂ!» ይላሉ። ጠንከር ሲል ግድግዳው ውስጥ ያለው ክርን፣ ማለትም የቧንቧው መታጠፊያ፣ ይሰነጠቃል፣ ሴራሚክ ይፈርሳል። ያ ሴራሚክ ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ በቦታው አበባ ያለበት ይለጠፋል፣ አማካሪዎቹም «አምሮበታል» ብለው ይበተናሉ።

አዲሱን ሲገዙ ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ማለቱ አይቀርም፤ ኦርጅናል ያልሆነ የሚሸጥ ሱቅ እስካሁን አልተከፈተም። ነሐስ መሆኑን ለማወቅ ማግኔት የሚያስጠጋ ብልጥ ደንበኛም አለ። ማግኔት ነሐስንም አይስብም፣ ርካሹን የዚንክ ቅይጥም አይስብም፤ በእጅ መመዘን ይሻላል፣ ነሐሱ ከበድ ይላል። የግድግዳ ሚክሰር የሁለቱ መግቢያ ርቀት ከመሃል እስከ መሃል አብዛኛውን ጊዜ 15 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ግድግዳ ውስጥ የሚገባው ጥርስ ደግሞ ግማሽ ኢንች። ማያያዣዎቹ ጠማማ የሆኑት የቀደመው ሰው 14 ወይም 16 አድርጎት ከሆነ አዙሮ ለማስተካከል ነው። አምራቹ «ማነው ይሄን የሠራው?» የሚለውን አስቀድሞ ሰምቷል ማለት ነው።

ውሃ እንዳያፈስ የሚጠመጠመው ነጭ ጥቅል፣ ቴፍሎኑ፣ ጥርሱን ፊት ለፊት እያዩ በሰዓት አቅጣጫ ይጠመጠማል፣ ቀጭኑ ከሆነ ከ10 እስከ 15 ዙር። በተቃራኒው የተጠመጠመ ሲጠብቅ ይገፈፋል፤ ማታ ላይም ጠብ ጠብ ይጀምራል። ማያያዣዎቹ ገብተው በውሃ ልክ ከተስተካከሉ በኋላ፣ ሚክሰሩ ሳይታሰር ውሃውን ለአፍታ ከፍቶ ዝገትና አሸዋውን ማስወጣት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ አዲሱ ካርትሪጅ፣ ማለትም ሚክሰሩ ውስጥ ውሃውን የሚከፍተውና የሚቀላቅለው ክፍል፣ በመጀመሪያው ቀን አሸዋ ይጎርሳል። ዳዶው ላይ ቴፍሎን አያስፈልግም፣ የሚይዘው ውስጡ ያለው ጎማ ነው። በእጅ አጥብቆ፣ መፍቻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሩብ ዙር መጨመር ይበቃል።

ብሬከሩ የሚበራው የሙቁ መስመር ያለ አየር መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ባዶ ቦይለር ላይ ማብራት ማሞቂያውን ያቃጥለዋል።

ደንቡ ሙቁ በግራ ነው። የቀደመው ባለሙያ ግድግዳው ውስጥ አገላብጦት ከሆነ፣ ባለ አንድ እጀታ ከሆኑት ሚክሰሮች በአንዳንዶቹ ላይ ካርትሪጁን አውጥቶ ግማሽ ዙር አዙሮ መመለስ ይቻላል። ይህን የሚያስደርግ ግን ጥቂት ነው። «ለምደነዋል» ይባላል። ከመንዝ የመጡ እንግዳ ገላቸውን ሊታጠቡ ሲገቡ ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ይጮሃል፦ «ጋሼ፣ ወደ ሰማያዊው ያዙሩት! ቀዩ ነው ቀዝቃዛው!»