ኪኑዋና የእማዬ ቅንጬ

እማዬ ከደብረ ብርሃን ሜሪላንድ ልትጠይቀን በመጣች በሦስተኛው ቀን ነው። ጠዋት ወጥ ቤት ቆማ ታየኛለች። እኔ ኪኑዋ የሚባል የደቡብ አሜሪካ እህል አጥባለሁ። ወንፊት ላይ አድርጌ ውሃ ስለቅበት ነጭ አረፋ ኩፍ ብሎ ወጣ።

"ሳሙና ጨመርክበት እንዴ?" አለችኝ።

"አይ እማዬ፣ እህሉ ራሱ ነው።"

ጠጋ አለች። ጥቂት ፍሬ በጣቶቿ መሃል አሸት አሸት አደረገችና "እንደ እንዶድ!" አለች።

ልክ ናት። የኪኑዋ ፍሬ ሳፖኒን በሚባል መራራ ነገር የተሸፈነ ነው። ወፍም ነፍሳትም እንዳይበሉት ተክሉ ራሱን የሚጠብቅበት መላ ነው። አረፋ የሚያወጣው እሱ ነው። እንዶድም ልብስ የሚያነጻው በዚሁ ዓይነት ንጥረ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ከዚያ ተነስተው ነው የቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ መግደል እንደሚቻል ለዓለም ያሳዩት። ሱቅ ያለው ኪኑዋ አብዛኛው ታጥቦ የሚመጣ ቢሆንም እኔ እደግመዋለሁ። ሳይታጠብ የተቀቀለ ኪኑዋ ምላስ ላይ ይመራል። ብዙ ሰው አንዴ ቀምሶ የሚተወውም በዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ ቀቀልኩት። ለአንድ ኩባያ ሁለት ኩባያ ውሃ፣ 15 ደቂቃ። ክዳኑን ስከፍተው እያንዳንዷ ፍሬ ተከፍታ ዙሪያዋን ነጭ ክር የመሰለ ጭራ አውጥታለች። እማዬ ደነገጠች። "ይሄ እኮ በቅሏል! በቆልት ነው የምትበላው?"

አልበቀለም። ያቺ ጭራ ቡቃያው ገና ከውስጥ ሳይወጣ የሚተኛባት የዘሩ ሽል ናት። ፕሮቲኑና ቅባቱ በብዛት ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ስንዴ ተፈጭቶ ነጭ ዱቄት ሲሆን ይህ ሽል ከገለባው ጋር ይወጣል። ኪኑዋ ላይ ግን አይነካም። እህሉ ሙሉውን ይበላል። ጤፍም እንደዚያው ነው። ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ገለባውን ልለይ ብትል አይሆንልህም፣ ሁሉም አብሮ ይፈጫል። የሁለቱም ዋና ጥቅም እዚህ ጋ ነው ያለው ብዬ አምናለሁ። ተአምር ስለያዙ አይደለም። ያላቸው ስላልተወሰደባቸው ነው።

ኪኑዋ የጀመርኩት ሐኪሜ አስጠንቅቆኝ ነው። የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ 6.1 አለ። ስኳር በሽታ አልገባሁም፣ ደጃፉ ላይ ነኝ ማለት ነው። ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያ ላከኝ። ትሁት ሴት ናት። አንድ ገጽ የምግብ ዝርዝር ሰጠችኝ። ኪኑዋ ከላይ ተቀምጧል። ጤፍ የለም። ገብስ ታች ጥግ ላይ አለ። እንጀራ ምን እንደሆነ አስረዳኋት፣ በጥሞና ሰማችኝ፣ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ያረሰው ገብስ፣ እኔ ከቤት ወጥቼ አሥራ ሰባት ዓመት ስኖር የተውኩት ገብስ፣ እዚህ በሐኪም ትእዛዝ ተመለሰልኝ።

ወደ ኪኑዋው ልመለስ። አንድ ኩባያ የበሰለ ኪኑዋ 220 ካሎሪ ገደማ፣ 8 ግራም ፕሮቲንና 5 ግራም ፋይበር አለው። በዚያው ልክ የተቀቀለ ነጭ ሩዝ ፕሮቲኑ 4 ግራም አካባቢ ነው፣ ፋይበሩ አንድ ግራምም አይሞላ። ማግኒዚየሙ አንድ ጎልማሳ በቀን ከሚያስፈልገው ሩቡን ይሸፍናል። ፕሮቲኑ ደግሞ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸውን ዘጠኙንም አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያ ጡቦች፣ ይዟል። በተለይ ላይሲን የሚባለው በስንዴና በሩዝ ውስጥ ትንሽ ነው፣ ኪኑዋ ላይ ግን ደህና አለ። ሥጋና ወተት በዓመት ከ180 ቀን በላይ ለሚጾም ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ግሉተን የሚባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲንም የለውም። ስንዴና ገብስ ሆዱን ለሚጎዳው የሴሊያክ ታማሚ እፎይታ ነው።

ስኳሩንም ቀስ ብሎ ነው ወደ ደም የሚለቀው። ከነጭ ሩዝና ከነጭ ዳቦ በግልጽ ይሻላል። ግን እዚህ ላይ ወገኖቼን አስጠነቅቃለሁ። አንድ ኩባያው 39 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። "ጤናማ ነው" ብለን ሳህን ሙሉ ከበላነው ስኳራችን ይወጣል። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ አድርጌ የስኳር መለኪያዬ መርፌ ነግራኛለች። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰውም ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ጠጠሩን ሊያባብስ የሚችል ኦክሳሌት የሚባል ነገር አለበትና።

አሁን ጤፍን አጠገቡ እናስቀምጠው። አንድ ኩባያ የበሰለ ጤፍ 10 ግራም ገደማ ፕሮቲን፣ 7 ግራም ፋይበር፣ 5 ሚሊግራም ብረት አለው። የኪኑዋው ብረት 3 ሚሊግራም አይሞላም። ካልሲየም ላይ ጤፍ በብዙ ይበልጣል። ላይሲን ላይ ኪኑዋ ይሻላል። ግን እኛ እንጀራ በባዶው አንበላም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ አተሩ ላይሲኑን ይዞ ይመጣል። እናቶቻችን አሚኖ አሲድ የሚባል ቃል ሳይሰሙ ጥራጥሬና እህል አንድ ማዕድ ላይ አገናኙልን። ሁለት ሦስት ቀን የማቡካቱ ነገርም አለ። በእህል ውስጥ ብረትን ይዞ የማይለቅ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ። እርሾው ይሰብረዋል። አብሲቱ፣ ኩፍ ማለቱ፣ ያ ሁሉ ድካም ለጣዕም ብቻ አልነበረም። ብረቱን የሚያስቀረው ምግቡ እንደተነሳ የምንጠጣው ቡና ነው። አንድ ሰዓት ቢዘገይ ምን አለ? በተለይ ነፍሰ ጡር ካለች።

ስለ ኪኑዋ ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካው ግን የምግብ ይዘቱ አይደለም፣ የመጣበት አገር ታሪክ ነው። ኪኑዋ የቦሊቪያና የፔሩ ደጋ ልጅ ነው። ቲቲካካ ሐይቅ ያለበት አምባ ከባሕር ጠለል በላይ 3,800 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ ናት፣ የኛ ሰው ግን ውርጩን ያውቀዋል። ኪኑዋ ሌላ እህል በሚያረግፍ ብርድ ውስጥ፣ ጨው ባለበት አፈር ላይ፣ ዝናብ ሲያጥር ይበቅላል። ዘመዶቹ ቆስጣና ቀይ ስር ናቸው፣ የሣር ወገን አይደለም። ኬቹዋና አይማራ የሚባሉት ሕዝቦች በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት በልተውታል። ስፔኖች መጡና ናቁት። ከዚያ በኋላ ለዘመናት "የሕንዶች ምግብ"፣ ማለትም የአገሬው ነባር ሕዝብ ምግብ፣ እየተባለ ቆየ። ከተማ የገባ ሰው ኪኑዋ በላሁ ማለት ያፍር ነበር። ፓስታና ሩዝ መብላት ነበር መሠልጠን።

ከዚያ ውጭ ያለው ዓለም አገኘው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. 2013ን የኪኑዋ ዓመት ብሎ ሰየመ። የያኔው የቦሊቪያ ፕሬዚዳንት ኤቮ ሞራሌስ፣ እሳቸውም የአይማራ ልጅ፣ የዘመቻው ልዩ አምባሳደር ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት ዋጋው ሦስት እጥፍ ደርሶ ነበር። ገበሬው ገንዘብ አየ። ላማ ለሚባለው የደጋ እንስሳቸው ግጦሽ የነበረው መሬት ታረሰ፣ አፈሩ ተጎዳ። ፔሩም ሌሎችም በብዛት ሲያመርቱ እ.ኤ.አ. ከ2014 በኋላ ዋጋው ወረደ፣ ገበሬውም አብሮ ወረደ።

ይህን ሳነብ ስለ ሌላ ሰው አገር የማነብ አልመሰለኝም። ኢትዮጵያ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ እ.ኤ.አ. በ2006 ስትከለክል እዚህ ያለነው ብዙዎቻችን ተናደን ነበር። አገር ቤት ያለው ሰው እንጀራ እንዳያጣ ነው ቢባልም አልሰማንም፣ የታየን የኛ ሞሰብ ነው። አሁን ሳስበው ፍርሃቱ ይገባኛል። የውጭ ጋዜጦች ጤፍን "ቀጣዩ ኪኑዋ" ብለው ሲያወድሱ እኔ የማስበው አዲስ አበባ ውስጥ ኩንታል መግዛት አቅቷት ጤፉን ከሩዝ ጋር የምታስፈጨውን ሴት ነው። እሷን "ሙሉ እህል ብዪ" ብሎ መምከር አያምርብኝም። የኔ ወቀሳ አቅሙ እያለን ወደምንተወው ነው።

ባለፈው አገር ቤት ስሄድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ዘመድ ቤት ቁርስ ተጠራሁ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ዳቦ፣ ማርማላታ፣ ለስላሳ ተደርድሯል። ሁሉም ለኔ ክብር ነው። ጓዳ ውስጥ ለሠራተኛዋና ለአያትየዋ ቅንጬ ይሠራል፣ ሽታው ይመጣል። "ቅንጬ ባገኝ" ስል የቤቱ እመቤት ደነገጠች። "ውይ በሞትኩት! አንተን ከአሜሪካ መጥተህ ቅንጬ ላብላህ?" አለችኝ። ባሏ ስኳር አለበት። ጠዋት ጠዋት ሁለት ነጭ ዳቦ ይበላል። በጉርሻ ገፍታ የምታበላው እሷው ናት፣ ስለምትወደው። በማግስቱ ቦሌ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ከውጭ የመጣ ኪኑዋ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ አየሁ። ዋጋውን አይቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ያቺ ቤት ለባሏ ልትገዛው ትችል ይሆናል፣ ሐኪም ካዘዘ። ገብሱን ግን የምትሰጠው ለሠራተኛዋ ነው።

ጤፉም ላይ እንደዚያው ነው። እንግዳ ሲመጣ ማኛ ይፈለጋል። ቀይ ጤፍ የድሃ ነው ተብሎ ኖረ። አሁን በብረቱ ምክንያት ለአራስ ይመከራል፣ ደግ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ከሐበሻ ሱቅ የምንገዛው እንጀራ ብዙው ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ነው። ነጭና ለስላሳ እንዲሆንልን እኛው ነን የምንጠይቀው። ግሉተን የማይስማማችሁ ሰዎች "ጤፍ ነው" ሲባል አትመኑ፣ "መቶ በመቶ ነው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ንጹሑን የሚሸጡ አሉ። ዱቄቱም ይገኛል። አይዳሆ ውስጥ ጤፍ መዝራት የጀመረው ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ሠርቶ፣ ከእኛው ገበታ በልቶ የተመለሰ ሰው ነው።

ገብሱንም ሳልናገር አላልፍም። ቤታ ግሉካን የሚባል ፋይበር አለው፣ ኮሌስትሮልን ይቀንሳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ የገብስ ምግብ ማሸጊያ ላይ የልብ በሽታ ስጋትን ሊቀንስ እንደሚችል እንዲጻፍ ፈቅዷል። የደብረ ብርሃን በሶና ቆሎ ላይ ማንም ይህን አይጽፍም። ማሸጊያም የላቸውም።

እማዬ ያን ቀን ኪኑዋውን በማንኪያ ቀመሰችው። ዝም ብላ አኘከች። "ክፉ አይደለም" አለች። "ግን ይንሸራተታል፣ ጥርስ አያገኘውም።" በማግስቱ ከኔ ቀድማ ተነስታ በሌላ ዓይነት ሠርታ ጠበቀችኝ። ኪኑዋውን እንደ ቅንጬ ቀቅላ፣ ትንሽ ንጥር ቅቤና ጨው ጨምራ፣ ኮረሪማ ጣል አድርጋበታለች። የዘጠኝ ዓመት ልጄ፣ እኔ በሎሚና በኪያር ስሠራው ሳህኑን የሚገፋው፣ ይጨመርልኝ አለ። "የቦሊቪያም እናቶች እንዲህ ነው የሚያደርጉት?" አለኝ። በሾርባም በገንፎም እንደሚሠሩት ነገርኩት። "ገንፎ? እነሱም አላቸው?" ብላ እማዬ ወንበሯን ወደኔ አስጠጋች። ስለዚያ አገር ሴቶች፣ ስለ ብርዳቸው፣ በምን እንደሚወቁት፣ በምን እንደሚያበጥሩት ብዙ ጠየቀችኝ። የማውቀውን ያህል መለስኩላት።

ስትሄድ ከሻንጣዋ ሦስት ኪሎ የገብስ ክክ አውጥታ መደርደሪያው ላይ ከኪኑዋው አጠገብ አስቀመጠችልኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት አንዱን ቀን ያንን፣ አንዱን ቀን ይሄንን እንበላለን። ለስላሳ ትቻለሁ፣ ከሥራ ስወጣ ግማሽ ሰዓት እራመዳለሁ። ባለፈው ወር ስኳሬ 5.6 አለ። እማዬ ጋ ደወልኩና ነገርኳት። እልል ብላ ስታበቃ "ክኩ አለቀ ወይስ አለ?" አለችኝ።

"ትንሽ ቀርቷል እማዬ።"

"ሰው እየፈለግሁ ነው የምልክበት" አለች።